ማንንም ያልቀበርንበት ስም

ለንደን፣ ብሪክስተን
ግንቦት 9 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለወይዘሮ የሻረግ፣

የሻዬ፣ እንደ ወጉ «ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ግራ ጉልበቴ ከሰሞኑ ዝናብ ጋር ተማክሮ ስላስቸገረኝ ውሸት ይሆንብኛል። ስለዚህ ከናፍቆትሽና ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። አንቺስ? ግፊትሽ እንዴት ነው? መድኃኒቱን በየቀኑ ትወስጃለሽ ወይስ «ዛሬ ደኅና ነኝ» እያልሽ ትዘያለሽ? ይህን ደብዳቤ ጌጤነሽ ማክሰኞ ወደ አገር ቤት ስለምትበር በእጇ ልኬልሻለሁ። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ የሕፃኑ ስም ገና ሲነሳ «ካርድህ ያልቅብሃል» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ወረቀት ላይ ግን እስከ መጨረሻው ታነቢኛለሽ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩን ታውቂዋለሽ። ልጃችን ብፅዓት ሚያዝያ ሃያ አንድ፣ በማርያም ዕለት፣ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። ስሙ ኪላን መሆኑን በሦስተኛው ቀን ሰማሽ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ብትደውልልሽ አታነሺላትም። ሁለት ሳምንት አለፈ። አራስ ናት፣ የሻዬ፤ አራስ እናቷን ትፈልጋለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ እስኪቋረጥ ድረስ ስትጠብቅ አያታለሁ፤ ከዚያ «ሥራ በዝቶባት ይሆናል» ትለኛለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። ልጁ ግንቦት ሠላሳ፣ በጰራቅሊጦስ እሑድ፣ አርባ ቀኑ ይሞላል፤ ክርስትና ይነሳል። እኔ የምፈራው ይህ ኩርፊያ እስከዚያ እንዳይዘልቅ ነው። የክርስትና ቀን ያልተመረቀ ልጅ፣ ያልተመረቀች እናት፣ በኋላ ምን ቢደረግ ትዝታው አይጠፋም።

ልጁን ላስተዋውቅሽ። ሲወለድ ልክ አራት ኪሎ መዘነ፤ ሚዛኑን ሳይ የትምህርት ቤቴ ሰፈር ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ጆሮው የአንቺ ወገን ጆሮ ነው፤ ለመካድ አይመችም። መልኩ ጠይም፣ ፀጉሩ ሉጫ ነገር ነው፤ አባቱ ብሬንደን «ፀጉሩ የእኔ ነው» እያለ ለመንገደኛው ሁሉ ያሳያል። ሲጠባ ያጉረመርማል። ሲተኛ እኔን ነው፤ ቤት ቢፈርስ አይሰማም።

ስለ ስሙ ደግሞ መምህር ነበርኩና ሳላጠና አልናገርም። እዚህ ብሪክስተን ያለው ቤተ መጻሕፍት ሄጄ የሕፃናት ስም መጽሐፍ ስጠይቅ፣ እዚያ የምትሠራው ልጅ ሽበቴን አየት አድርጋ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ መቼ ነው የሚወለደው?» አለችኝ። ተወልዷል አልኳት። የእኔ ልጅ መስሏት እንደሆነ አላጣራሁም፤ በዚህ አገር የማይሆን የለም። ሦስት መጽሐፍ አምጥታ ከመረችልኝ፤ ግማሽ ቀን ተቀምጬ አነበብኩ።

መጽሐፎቹ እንደሚሉት ኬልት የሚባሉ የጥንት ሕዝቦች ነበሩ፤ ቋንቋቸው ዛሬ በአየርላንድ፣ በዌልስና በስኮትላንድ ጠርዝ ጠርዙን ተርፏል። የብሬንደን ወላጆች ከአየርላንድ የመጡ ናቸው። በእነሱ በጥንቱ ቋንቋ «ቀጭን» የሚል ቃል አለ፤ እሱን አቆላምጠው «ትንሹ ቀጭን» እንደማለት ስም አደረጉት። ዛሬ ሰው በሚጽፈውና በሚጠራው መልክ የተወደደው ግን በዚህ በእኛ ዘመን ነው፤ ሥሩ የጥንት፣ ቅርንጫፉ የትናንት። አንዱ መጽሐፍ «ቀጭን» ብሎ ሲያቆም፣ ሌላው «ቀጭንና መልከ መልካም» ብሎ መርቆበታል። ሦስተኛው ትርጉሙ በእርግጥ አይታወቅም ብሎ ተገላገለ። ሦስቱንም በደብተሬ ገልብጬአቸዋለሁ።

አሁን ምን እንደምትይ እሰማሻለሁ። «ቀጭን? ገና ሳይጠግብ አከሱት?» ትያለሽ። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው። በኋላ ሳስበው ግን የእኛም ሰው ልጁን ከዓይን ለመከለል ስንት ደስ የማይል ስም ያወጣል፤ ቀጭን ጌታም እንላለን፣ ስናከብር። ደግሞም ልጁ በአሁኑ አያያዙ ስሙን ለማስዋሸት ቆርጦ የተነሳ ነው፤ በየሁለት ሰዓቱ ይጠባል። ብፅዓትን ለምን ይህን ስም መረጣችሁ ብዬ ጠየቅኋት። ከብሬንደን ጋር ከሠላሳ በላይ ስም ጽፈው ነበር። ብዙዎቹን የሰረዘቻቸው እሷ ናት፤ «እማዬ በስልክ ስትጠራው ምላሷን የማይዛት ይሁን» ብላ ነው። ይህን አንቺ አታውቂም።

መጽሐፍ ያልጨረሰውን ሰው ይጨርሰዋል ብዬ ባለፈው ሐሙስ የብሬንደንን እናት ልጠይቅ ክላፋም ሄድኩ። ወይዘሮ ኖራ ይባላሉ፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ በወጣትነታቸው መጥተው ሆስፒታል ወጥ ቤት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ባላቸውን የቀበሩ ሴት ናቸው። ሻይ በወተት፣ ከዚያ ኬክ፣ ከዚያ እንደገና ሻይ። እምቢ ማለት አይቻልም፤ በዚህስ የእኛ አገር ሰው ናቸው።

እሳቸውም እንደ አንቺው ስሙን አልወደዱትም ነበር። «እኔ ልጅ ሳለሁ በመንደራችን በዚህ ስም የሚጠራ አንድ ሰው አላውቅም» አሉኝ። ያኔ ልጅ ሲወለድ ስሙ የተዘጋጀ ነበር፤ ወይ የቅዱስ፣ ወይ የአያት፣ ወይ የሞተ ሰው። ይሄ አዲሱ ትውልድ ግን ከጥንቱ ቋንቋ ቃል እየለቀመ ስም ያበጃል፤ ግማሾቹ ቋንቋውን አንዲት መስመር አያውቁም ብለው ሳቁ። ሁለታችን ተስማምተን ወጣቶቹን አማናቸው። አማርኛና የአየርላንድ እንግሊዝኛ እንዲህ ሲግባቡ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ሻይ ጨመሩልኝ። የሞቱት ባላቸው ፓትሪክ ይባሉ ነበር። ቤተሰቡ ለመታሰቢያ ሁለት የልጅ ልጆችን ፓትሪክ ብሏል፤ ይሄንንም ሦስተኛ ፓትሪክ እንዲሉላቸው ፈልገው እንደነበር ነገሩኝ። ኪላን የሚለውን ሲሰሙ አዝነው ነበር። ቀጥለው ያሉትን እንዳለ ልጻፍልሽ፣ ምክንያቱም አውቶቡስ ላይ እስክደርስ እንዳይጠፋኝ በአፌ እደጋግመው ነበር፦

«ፓትሪክ ብዬ በጠራሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው በሩን ነው፤ እሱ የሚገባ ይመስለኛል። ልጆቹ ያውቁብኛል። ኪላን ስል ግን ሕፃኑን ነው የማየው። በዚህ ስም ማንንም አልቀበርንም።»

ሠላሳ ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ላይ ተሳፍሬ መውረጃዬን አለፍኩ። በእግሬ ተመለስኩ።

የሻዬ፣ ይህን መስመር ከመጻፌ በፊት ሁለት ጊዜ ተነስቼ ውኃ ጠጣሁ። አሁን ልናገር። በመጋቢት ወር በስልክ የነገርሽኝን ታስታውሻለሽ። «ወንድ ከሆነ ምትኩ ይባል፤ የወንድሟ የልዑልቃል ምትክ ነው» አልሽኝ። ለራሷ ንገሪያት ብልሽ፣ ለእርጉዝ የሞተ ሰው አይነሳባትም፣ አንተ አባቷ ነህ፣ ጊዜውን አይተህ ቀስ ብለህ ንገራት፣ አደራ አልሽ። እኔም እሺ አልኩ። አልነገርኳትም። መጋቢት አለቀ፣ ሚያዝያ ገባ፣ ምጥ መጣ፣ ልጁ ተወለደ፤ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ሄደው ስሙን ሲያስመዘግቡ ኮቴን ለብሼ አብሬ ሄጃለሁ፤ እዚያም ዝም አልኩ።

አንቺ ብፅዓት የወንድሟን መታሰቢያ ናቀች ብለሽ አዘንሽባት። እሷ ደግሞ ፈረንጅ በማግባቴ ነው ብላ ታለቅሳለች። ባለፈው ሳምንት እራት ላይ «አባዬ፣ እማዬ ብሬንደንን መቼም አትቀበለውም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ፣ ነገሩን የማውቀው ብቸኛ ሰው፣ ሽሮዬን በላሁ። አደራ በላ ቢሉኝ ይገባኛል። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። ቁጣሽ አድራሻ ተሳስቷል፤ እኔ ነኝ።

ለምን ብትይኝ ረስቼ አይደለም። ልዑልቃልም ከልቤ ወጥቶ አይደለም። ከምርጫው በኋላ በዚያ በጥቅምት ረብሻ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ከቀረ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆነው፤ እሱን ያላሰብኩበት ቀን የለም። እኔ ያን ዳቦ ቤት በየቀኑ ማለፍ አቅቶኝ ብፅዓትን ልጠይቅ ብዬ መጥቼ በዚያው ቀረሁ። አንቺ ከመቃብሩ አልርቅም ብለሽ እዚያ ቀረሽ። ማናችንም አልተወቃቀስንም፤ ለዚህም አመሰግንሻለሁ። የደበቅሁት ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት አብረን ስንኖር ያልነገርኩሽ ነገር።

ስሜን ያወጣችው አያቴ ናት። እኔ ልወለድ ሁለት ወር ሲቀረኝ የአባቴ ወንድም በድንበር ጠብ ተገደለ። ደምመላሽ ተባልኩ። ይህን ያህሉን ታውቂያለሽ። የማታውቂው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ስሜን ሲሰማ መጀመሪያ ፊቴን ሳይሆን እጄን ያይ እንደነበር ነው። እናቴ ስትጠራኝ ድምፅዋ መሃል ላይ ይሰበር ነበር። እኔን እየጠራች ሌላ ሰው እየጠራች እንደሆነ በአምስት ዓመቴ አውቄያለሁ።

በአሥራ አራት ዓመቴ አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ በሬ ለመሸጥ ከቆሙ አንድ ሽማግሌ አጠገብ ጥላ ሥር አረፍኩ። ደብተር ይዤ አይተውኝ ደስ አላቸው፤ ተማሪ ነህ ወይ አሉኝ፣ ቆሎ ሰጡኝ። ከዚያ ስሜን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። የማን ልጅ እንደሆንኩም ነገርኳቸው። ቆሎው ከእጃቸው ፈሰሰ። ገመዱን ሰብስበው፣ በሬውን ሳይሸጡ፣ ገበያው ገና ሞቅ ሳይል ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከአጎቴ ገዳይ ወገን መሆናቸውን ሰዎች የነገሩኝ በኋላ ነው። ሰውየው ከዚያ ቀን ወዲህ በእኛ ገበያ አልታዩም። እኔ ምንም አላደረግኋቸውም፤ ስሜን ብቻ ነው የተናገርኩት።

መምህር ሆኜ ስመለስ አያቴ በሞት አፋፍ ላይ ነበረች። አልጋዋ አጠገብ ጠርታ «ስምህን ምን አደረግከው?» አለችኝ። አስተማርኩበት አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አንቺ ያን ስም ቆርጠሽ «ደሜ» ስትይኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እኔን ብቻ የጠራኝ መሰለኝ። ሳትጠይቂኝ፣ ሳታውቂው ነው ያደረግሽው። ያገባሁሽ ለወጥሽ አይደለም፣ ለዚህ ነው። እንግዲህ ምትኩ በለው ስትይኝ ምን እንደታየኝ ገምቺ። ገና እናቱ ሆድ ውስጥ ሳለ አንድ የሃያ ዓመት ወጣት ትከሻው ላይ ልንጭንበት ነው። ቢስቅ የልዑሌ ሳቅ፣ ቢታመም እንደገና ልናጣው፣ ሃያ ዓመት ሲሞላው ደግሞ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን። ይህን ለአንቺ ልናገር ሞከርኩ፤ በስልክ አፌ እምቢ አለኝ። ልታዝኚብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ፈሪ መሆኔን ከማንም ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ትናንት ግን ፍርሃቴን የሚያስንቅ ነገር ደረሰብኝ። ብፅዓት ትንሽ ትተኛ ብዬ ሕፃኑን በጋሪው ይዤ ከቤታችን አጠገብ ወዳለው መናፈሻ ወጣሁ። ደመናው ገለጥ ብሎ ፀሐይ ፊቱ ላይ ወረደችበት። ግንባሩን አኮማትሮ ከንፈሩን ሲያሾል አየሁት። «ልዑሌ» አልኩት።

አልተሳሳትኩም ልበልሽ? አልችልም። አፌ ልቤን ቀደመው። ጋሪውን አቁሜ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ፤ ሰው አለ የለም አላልኩም። አንዲት ውሻ የምታናፍስ ሴት ቆም ብላ ደኅና ነዎት ወይ አለችኝ። ደኅና ነኝ አልኳት። ስሙ ምትኩ ቢሆን ኖሮ፣ የሻዬ፣ ይህን በየቀኑ ባደረግሁ፤ ተሳሳትክ የሚለኝም ባልኖረ። ስሙ ኪላን ስለሆነ ነው ስህተቴን ያወቅሁት። ሕፃኑን ይቅርታ ጠየቅሁት። አሥራ ስምንት ቀኑ ነው፤ መልስ አልሰጠኝም።

ቤት ገብቼ ለብፅዓት ሁሉንም ነገርኳት። አንቺ የላክሽውን ስም፣ አደራውን፣ እኔ መደበቄን፣ ቁጣሽ በብሬንደን ምክንያት እንዳልሆነ። እንድትቆጣኝ ጠብቄ ነበር። የልጁን ልብስ እያጠፈች ነበር፤ አንዲቱን ሸሚዝ አጥፋ፣ ዘርግታ፣ እንደገና አጠፈቻት። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«እማዬ ብላኝ ቢሆን ኖሮ እሺ እላት ነበር እኮ፣ አባዬ።»

ልጁን ከአልጋው አነሳችው። ተኝቶ ነበር፤ የተኛ ልጅ አይነሳም የምትለው እሷው ናት። ለረጅም ሰዓት ሳታስቀምጠው ቆየች። ብሬንደን ከሥራ ሲመጣ ነገረችው፤ እሱም ስሙን ይወደዋል፣ ግን የእናትሽን ልብ ከምንሰብር ብሎ ለእሷ ተወላት። ማምሻውን መጥታ «ቼክ አድርጌያለሁ፤ እስከ ዓመቱ ድረስ ስሙን መለወጥ ይቻላል። እማዬ አሁንም ምትኩ ይሁን ካለች እንለውጠዋለን ብለህ ጻፍላት» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩልሽ። በዚህኛው አደራ ላይ አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ስለዚህ አሁን ነገሩ በእጅሽ ነው። እምቢ ያለችሽ ልጅ የለችሽም፤ ኖራሽም አታውቅም። ምትኩ ብትይ ምትኩ ይሆናል፤ እኔም አልከራከርሽም፣ የመከራከር መብቴን በዝምታዬ አጥቻለሁ። የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከመወሰንሽ በፊት ደውዪላት። ስለ ስም አታውሩ። ወተቷ እንዴት እንደሆነ፣ ወገቧን ያማት እንደሆነ፣ አጥሚት የሚሠራላት አግኝታ እንደሆነ ጠይቂያት። አጥሚቱን የምሠራው እኔ መሆኔን ስትሰሚ ትስቂያለሽ፤ እሷም ስትስቂ መስማት ይበቃታል።

ከፖስታው ውስጥ የልጁን ፎቶግራፍ ታገኛለሽ። ብፅዓት ከጀርባው ስሙን ልትጽፍበት ስትል ተዪው አልኳት፤ ባዶውን ነው የላክሁልሽ። አይተሽው፣ ጆሮውንም አይተሽ፣ ልብሽ ያለሽን በራስሽ እጅ ጻፊበት።

ግፊትሽን ያርግብልሽ። ቤትሽን ከክፉ ይጠብቅልሽ። እኛን ያጠፋነውን ይቅር ይበለን፣ አንቺም ይቅር በይን፣ ይልቁንም እኔን። የልዑልቃልን ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን። ለዚህ ለትንሹ ደግሞ፣ «የሞተውን የአጎትህን ዕድሜ ይስጥህ» ማለት ልማዳችን ነውና አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ተውኩት። የራሱን ዕድሜ ይስጠው።

ባለቤትሽ
ደምመላሽ